ቀይ፥ ብጫና ጥቁር፤ የዱንጉዛ ልብስ ታሪክ ከጋሞ ደጋ እስከ ኮልፌ

መግቢያ

ከመርካቶ ተነሥቶ በኮልፌ አጠና ተራ በኩል ወደ ውስጥ ሰፈሮች የሚዘልቅ ሰው፥ ከአንዳንዱ ግቢ የሚወጣ፥ እኩል እየቈየ የሚመላለስ የእንጨት ምት ይሰማል። ድምፁ የሸማ ዕቃ ነው። ሸማኔው እግሮቹን በጉድጓድ ውስጥ አግብቶ ይቀመጣል፤ በእግሩ ድሩን ይከፍታል፥ በእጁ መወርወሪያውን ይሰድዳል፥ ማጉንም እየመታ ያጠብቃል። የሚሠራው ሁሉ ነጭ የሆነ እንደ ሆነ ለነጠላ፥ ለኩታ ወይም ለጋቢ የታሰበ ነው። ቀይ፥ ብጫና ጥቁር ክር እየተፈራረቀ የሚገባበት እንደ ሆነ ግን ሥራው ዱንጉዛ ነው።

ስለ ኢትዮጵያ አልባሳት የተጻፈው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩረው በነጩ ሸማና በዳርቻው ጥለት ላይ ነው። ዱንጉዛ ከዚህ ሥርዓት የተለየ ነው። ቀለሙ በዳርቻ የሚወሰን ሳይሆን ጨርቁን በሙሉ የሚይዝ ነው፤ የሚጠቀምባቸውም ቀለሞች ሦስት ብቻ ናቸው፤ ሁለቱ እንደ እሳት የሚሞቁ፥ አንዱ እንደ ሌሊት የጨለመ። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው እነዚህ ሦስት ቀለሞች ከባለማዕረጎች ልብስነት ተነሥተው የአንድ ሕዝብ ምልክት፥ ቀጥሎም የከተማ ሰው ሁሉ ጌጥ ለመሆን የደረሱበትን መንገድ ነው። ከዚህም ጋር አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም ለጨርቁ የተሰጠው ክብር ለሠሪው ደርሶለታልን? የሚለው ነው።

የዱንጉዛ አገር

ዶርዜ ከጋሞ ማኅበረሰቦች አንዱ ሲሆን፥ አገሩ ከአርባ ምንጭ በላይ በጨንቻ አጠገብ በሚገኘው ደጋ ላይ ነው። ከዚያ ሁኖ ቍልቍል ሲመለከቱ የአባያና የጫሞ ሐይቆች ይታያሉ። አገሩ ብርዳም ነው፤ እንሰት፥ ገብስና ቀርከሃ ይበቅሉበታል፤ ቤቱም ከቀርከሃ ተጠልፎ ከፍ ብሎ የሚቆም በመሆኑ በአገር ጎብኚዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ጥጥ ግን በዚህ ብርድ አይበቅልም። ጥጡ የሚመጣው ከቆላው ነው። ስለዚህ የዶርዜ ሽመና ከመጀመሪያው አንሥቶ በንግድ ላይ የቆመ ሥራ ነበረ፤ ቆላው ጥጡን ይሰጣል፥ ደጋው ይፈትለዋል፥ ይሸምነዋል፥ መልሶም ለገበያ ያወርደዋል።

በቤት ውስጥም ሥራው የተከፋፈለ ነው። ጥጡን መዳመጥ፥ ባዘቶ ማድረግና በእንዝርት መፍተል የሴት ድርሻ ነው፤ ድሩን አዘጋጅቶ መሸመን የወንድ ድርሻ ነው። «የሸማኔ ሥራ» ብለን በአንድ ወንድ ስም የምንጠራው ነገር በእውነቱ የባልና የሚስት፥ የእናትና የልጅ ሥራ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። አንድ ሸማኔ ድሩን ሳያቋርጥ እንዲሠራ፥ ከበስተኋላው ብዙ እጆች መፍተል አለባቸው።

በጋሞ ደጋ ውስጥ እያንዳንዱ ደሬ፥ ማለት ራሱን የቻለ አገር፥ በዱቡሻ ላይ የሚሰበሰብ ሸንጎ ነበረው። በሸንጎውም ከሚመረጡት ሹማምንት ዋነኛው ሀላቃ ይባላል። ሀላቃነት ሀብት የሚሰበሰብበት ሹመት አልነበረም፤ ሀብት የሚፈስበት ሹመት ነው እንጂ። የተመረጠው ሰው ለአገሩ ድግስ መደገስ፥ የተወሰነውን ሥርዓት መፈጸም ይገባው ነበር። በዶርዜ በመስቀል ሰሞን ሀላቃው በራሱ ላይ ቅቤ አድርጎ በገበያ መካከል በሰልፍ መዞሩ፥ በዚያ አገር ጥናት ባደረጉት ሊቃውንት ተገልጿል። ሰውየው ለሕዝቡ ማዋል የሚገባውን ማዋሉ በአደባባይ የሚታይበት ቀን ነበረ።

ዱንጉዛ ከዚህ ዓይነቱ ማዕረግና በዓል ጋር የተያያዘ ልብስ ነው። ዋናው መልኩ ሰፋ ብሎ ከጉልበት በታች የሚቆም ሱሪ ነው። ቀይ፥ ብጫና ጥቁር መስመሮች እየተከታተሉ ይሄዱበታል፤ በመካከላቸውም እንደ ጥርስ የሾሉ፥ ወይም እንደ ማዕዘን የተቀጣጠሉ ቅርጾች ይገባሉ። ከላይ የሚደረበው ነጭ ጋቢ ሲሆን፥ ሱሪው ከነጩ በታች ደምቆ ይታያል። በዘወትር ሥራ የዋለ ገበሬ አይለብሰውም ነበር። የለበሰው ሰው በዕድሜው፥ በሹመቱ ወይም በጀግንነቱ የታወቀ መሆኑን ልብሱ ይናገርለት ነበር። በጎረቤቱ በወላይታም እነዚሁ ሦስት ቀለሞች የክብር ልብስ ቀለሞች ሁነው ይታወቃሉ፤ ስለዚህ ጉዳዩ የአንድ መንደር ሳይሆን የሰፊ አካባቢ ልማድ ነው።

ስለ ሦስቱ ቀለሞች

ዛሬ ዱንጉዛን የሚሸጥም ሆነ የሚለብስ ሰው የቀለሞቹን ትርጕም ቢጠየቅ መልስ አያጣም። አንዱ ቀዩን ደምና ጀግንነት፥ ብጫውን ተስፋና ልምላሜ፥ ጥቁሩን ሕዝቡ ራሱ ነው ይላል። ሌላው ጥቁሩን ለሐዘን ወይም ለመሬቱ ይሰጣል። መልሶቹ እርስ በርሳቸው አይስማሙም። ይህ አለመስማማት የዕውቀት ጉድለት ተደርጎ መቆጠር የለበትም። ፈረንሳዊው ሊቅ ዳን ስፐርበር በዶርዜ ተቀምጦ ካጠና በኋላ በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ስለ ምልክት በሚናገር መጽሐፉ፥ የዶርዜ ሰዎች ሥርዓታቸውን በጥንቃቄ እየፈጸሙ ለእያንዳንዱ ምልክት ትርጕም የመስጠት ልማድ እንደሌላቸው አስረድቷል። ለምን እንዲህ ይደረጋል ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ወጉ ነው የሚል ነው። እንግዲህ የቀለሞቹ ፍቺ በየሰዉ አፍ የበዛው ልብሱ ከአገሩ ወጥቶ ለማያውቀው ሰው መገለጽ ባስፈለገው ጊዜ ነው ብሎ ማሰብ ይቻላል። በአገሩ ለባሹ ይታወቅ ነበርና ልብሱ አስተርጓሚ አላስፈለገውም።

ቀለም በራሱ የተወሰነ ትርጕም የሌለው መሆኑን ሌላም ነገር ያስረዳል። ጥቁር፥ ብጫና ቀይ የቤልጅግ ሰንደቅ ዓላማ ቀለሞች ናቸው፤ በዚያ አገር የብራባንት መሳፍንት አርማ መታሰቢያ ናቸው እንጂ ከድግስ ወይም ከሹመት ሥርዓት ጋር ግንኙነት የላቸውም። በአገራችንም በአማራው ልማድ ጥቁር የሐዘን ልብስ ነው፤ ነገር ግን ጥቁር ካባ የመኳንንት ክብር ነበረ። ወይባ የመነኮሳት ልብስ ቀለም ሲሆን፥ ከብጫ ጋር የሚቀራረብ ሁኖ ሳለ ዓለምን መናቅን ያመለክታል። ቀዩ ሰፊ ጥለት ያለው ጃኖ ደግሞ የታላላቅ ሰዎች መለያ ነበረ። ስለዚህ ልብስን የሚያጠና ሰው «ቀይ ምን ማለት ነው?» ከማለት ይልቅ «ቀይ ከምን ጋር፥ በማን ላይ፥ በምን ቀን?» ብሎ ቢጠይቅ ይሻላል።

ሆኖም ምርጫው በአጋጣሚ የተደረገ አይመስልም። በርሊንና ኬይ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በ1969 እ.ኤ.አ. የብዙ ቋንቋዎችን የቀለም ስሞች አመዛዝነው፥ ቋንቋዎች በመጀመሪያ ለጥቁርና ለነጭ፥ ቀጥሎ ለቀይ፥ ከዚያም ለብጫ ወይም ለአረንጓዴ ስም እንደሚያወጡ ገልጠዋል። ቪክቶር ተርነርም በዛምቢያ በንዴምቡ ሕዝብ ዘንድ ነጭ፥ ቀይና ጥቁር የሥርዓቱ ሁሉ መሠረት መሆናቸውን አሳይቷል። የዱንጉዛው ሦስት ቀለም ከሚደረብበት ነጭ ጋቢ ጋር ሲቆጠር፥ የሰው ዓይንና አንደበት ቀድመው የሚለዩዋቸው አራቱ ቀለሞች በአንድ ሰው ላይ ተገኝተዋል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ልብስ በገበያ ሕዝብ መካከል ከሩቅ ይለያል፤ ዓላማውም ይኸው ነበረ።

የአሠራሩም ነገር ምክንያት አለው። ቀይና ብጫ ጎን ለጎን ሲገናኙ ከሩቅ ለሚያያቸው ይደባለቃሉ። ጥቁሩ መስመር በመካከላቸው ሲገባ ግን እንደ ድንበር ሁኖ ሁለቱንም በየቦታቸው ያቆማቸዋል፤ የሾሉት ቅርጾችም ጠርዛቸው የሚታወቀው በጥቁሩ ምክንያት ነው። ጥቁር በዱንጉዛ ውስጥ የሐዘን ቀለም አይደለም፤ የሌሎቹን ድምቀት የሚጠብቅ ቀለም ነው። ደግሞም እያንዳንዱ ቀለም የራሱን መወርወሪያ ይፈልጋል። ሸማኔው ቀለም በለወጠ ቍጥር እጁን ያቆማል፥ ክሩን ይቆጥራል፥ እንደ ገና ይጀምራል። ሦስት ቀለም ለቅርጽ ይበቃል፤ ከዚያ የበዛ እንደ ሆነ ግን ድካሙና ወጪው ይከብዳል።

ቀለም ያለው ክር በቀድሞው ዘመን ርካሽ ነገር አልነበረም። በ19ኛው መቶ ዓመት በኢትዮጵያ የነበሩ የውጭ ተጓዦች፥ ለሸማ ጥለት የሚሆነው ቀይ ክር ከባሕር ማዶ የመጣ ቀይ ጨርቅ እየተተረተረ ይገኝ እንደ ነበር ጽፈዋል። የተሠራን ጨርቅ ፈትቶ እንደ ገና መሸመን ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስወጣ መገመት አያስቸግርም። በቀለም የተሞላ ልብስ የባለማዕረግ ልብስ መሆኑ አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም። በኋላ በፋብሪካ የተነከረ ክር በየገበያው ሲገኝ፥ ቀለሙ ከማዕረግ የሚላቀቅበት በር ተከፈተ።

ወደ አዲስ አበባ የመጡበት ምክንያት

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የጋሞ ደጋ በዐፄ ምኒልክ መንግሥት ሥር ገባ። ሕዝቡም በገባርነት ሥርዓት ብዙ ግብርና አገልግሎት ተጣለበት። የዶርዜ መሬት ጠባብ፥ ሕዝቡም ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ፥ በእርሻ ብቻ ግብር ከፍሎ መኖር አስቸጋሪ ሆነ። በሌላ በኩል በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ በመኳንንት፥ በወታደርና በካህናት እየሞላች ሄደች፤ እነዚህም ሁሉ ነጠላና ኩታ ይፈልጉ ነበር። የጋሞው ሸማኔ የእጁን ሙያ ይዞ ወደ ዋና ከተማው የሚመጣበት ምክንያት በዚህ ተገኘ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣልያን ወረራ ጊዜ የገባርነት ሥርዓት በመሻሩ፥ ከአገሩ ለመውጣት ለሚፈልገው ሰው መንገዱ ይበልጥ ቀለለ።

በዚያው በወረራው ዘመን ጣልያኖች የአገሬውን ሰው ገበያ ከአራዳ ወደ ምዕራብ አዛውረው ዛሬ መርካቶ የሚባለውን መሠረቱ። ከዚህ በኋላ ለመርካቶ ቅርብ የሆኑት የምዕራብ ሰፈሮች የንግድና የእጅ ሥራ ሰዎች መኖሪያ ሆኑ። በሰሜን በእንጦጦ ግርጌ ሽሮ ሜዳና ጉለሌ፥ በምዕራብ ኮልፌ የጋሞ ሸማኔዎች በብዛት የሚገኙባቸው ቦታዎች ናቸው። የኮልፌ ጥቅም ግልጽ ነው። ክሩ የሚገዛውም፥ ጨርቁ የሚሸጠውም በመርካቶ ነው፤ ከዚያ በእግር በሚደረስበት ቦታ ቤት ተከራይቶ ጉድጓድ የቆፈረ ሸማኔ የመጓጓዣ ወጪ የለበትም። ቀድሞ የመጣው ለዘመዱ ማረፊያ ይሆናል፤ ዘመዱም ሙያውን ተምሮ ለሚቀጥለው ያወርሳል። ለመስቀል ግን ሁሉም በተቻለው መጠን ወደ ደጋው ይመለሳል፤ የሥራው ዓመት የሚቆጠረው በዚህ ጉዞ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ሸማኔው በአዲስ አበባ የሠራው የራሱን ልብስ አልነበረም። ለብዙ ዓሥርት ዓመታት የከተማው ሕዝብ ከእርሱ የገዛው ነጩን ሸማ ነው፤ ጥለቱም በገዢው ምርጫ የሚሠራ ነበረ። የደጋው ሰው የሌላውን የክብር ልብስ በእጁ ሲሠራ፥ የራሱ ሦስት ቀለሞች ለአገሩ በዓል፥ ለሠርግና ለመስቀል ተጠብቀው ቆዩ። ከተማው የዶርዜን እጅ ከዓይኑ አስቀድሞ ገዛ ማለት ይቻላል።

ስለ ስድብና ስለ ክብር

ከዚያም ዶርዜ የሚለው ስም ራሱ ተለወጠ። በአዲስ አበባ ሰው አነጋገር ዶርዜ ማለት ከጨንቻ አጠገብ ያለ አገር ሰው መሆኑ ቀርቶ፥ ሸማኔ ማለት ሆነ። ከቦንኬም፥ ከቁጫም፥ ከዲታም የመጣው ሁሉ በዚህ ስም ተጠራ። ስሙም ብዙ ጊዜ በአክብሮት የሚነገር አልነበረም። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ሽመና በአብዛኛው የእስላሞችና የቤተ እስራኤል ሥራ ስለ ነበረ፥ መሬት ያለው ገበሬና ወታደር ሸማኔውን ይንቀው ነበር። የጋሞው ሰው በአገሩ ሳለ ሽመና የጨዋ ሰው ሥራ ነበረ፤ ከእርሻ ጋር አብሮ የሚሄድ፥ ዱቡሻ ላይ ከመቀመጥም የማያግድ። የተናቁት ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው ነበሩ፤ ስለዚህ የጋሞም ማኅበረሰብ ከዚህ ነውር ንጹሕ ነበረ ለማለት አይቻልም። ነገር ግን በአገሩ ማንንም ሳያሳፍር ይሠራ የነበረው ሸማኔ፥ አዲስ አበባ ሲደርስ በዚያው ሥራው ተሰደበ።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ቀጥቃጩን፥ ሸማኔውንና ሌላውንም ባለ እጅ በሥራው የሚሰድበው ሰው ንጉሡን እንደ ሰደበ እንደሚቆጠር አስታውቀው ነበር። አዋጁ አስተዋይነት ያለው ነው፤ ያስፈለገው ግን ስድቡ ስለ በረታ ነው። ከአዋጁም በኋላ ስድቡ ለረጅም ዘመን አልጠፋም።

በሥራው ውስጥም የራሱ የሆነ በደል አለ። ትምህርት ይማራሉ፥ ሙያ ይይዛሉ እየተባሉ ከጋሞ ደጋ ወደ አዲስ አበባ የተወሰዱ ሕፃናት፥ በትምህርት ቤት ፋንታ ከማለዳ እስከ ሌሊት በጉድጓድ ውስጥ ሲሠሩ መገኘታቸው ለረጅም ጊዜ የታወቀ ነገር ነው። የቤተ ዘመድ ሥርዓት ሙያን እንደሚያወርስ ሁሉ ጭቆናንም ሊሸሽግ ይችላል። የጨርቁን ውበት የሚጽፍ ሰው ይህን ቢያልፈው የጻፈው ታሪክ ጎደሎ ይሆናል።

ከመድረክ ወደ ፋሽን

ዱንጉዛን የጋሞ ተወላጅ ላልሆነው የከተማ ሰው በሰፊው ያሳየው መድረክ ነው። የቴአትር ቤቶች የባህል ቡድኖች የየሕዝቡን ዘፈን በየልብሱ ማቅረብ በጀመሩ ጊዜ፥ የዶርዜ ጭፈራ በሦስት ቀለም ሱሪው ታወቀ። በመድረክ ላይ ግን ሀላቃና ተራ ሰው አይለይም፤ ጨፋሪው ሁሉ ዱንጉዛ ይለብሳል። በዚህ መንገድ ልብሱ የአንድ ማዕረግ መለያ መሆኑ ቀርቶ የአንድ ሕዝብ መለያ ሆነ። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ኅዳር 29 ቀን የብሔሮች፥ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን መከበሩ ይህንኑ አጸና፤ እያንዳንዱ ሕዝብ በአንድ ልብስ እንዲታወቅ በሚፈለግበት በዓል፥ ከሩቅ የሚለይ ቀለም ያለው ሁሉ ብልጫ አገኘ።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ፋሽን ነው። ዛሬ ዱንጉዛ ሱሪ ብቻ አይደለም። ኮት፥ ቀሚስ፥ ክራቫት፥ ኮፍያ፥ ቦርሳና የትራስ ልብስ ሁኖ ይሸጣል። የልብስ ዕቅድ አውጪዎች በጥቁር ጨርቅ ላይ በአንገትና በእጅጌ ጥቂት አድርገው ያስገቡታል፤ ጥቁሩ ሰፍቶ ቀዩና ብጫው ሲያንሱ ልብሱ ለቢሮም ይስማማል። ይህ ብልሃት የሦስቱን ቀለሞች አሮጌ ሥርዓት ገለበጠው። በቀድሞው ልብስ ጥቁሩ ድንበር፥ ሁለቱ ሞቃት ቀለሞች ደግሞ አገሩ ነበሩ፤ በአዲሱ ልብስ ጥቁሩ አገር፥ ቀለሞቹ ድንበር ሁነዋል። የጋሞ ተወላጅ ያልሆነም ሰው በሠርጉና በበዓሉ ይለብሰዋል፤ ይህም ለሸማኔው አዲስ ገበያ ከፍቶለታል። ለሌላው ሰው ነጭ ሲሠራ የኖረው እጅ አሁን የራሱን ቀለም ይሸጣል።

ነገር ግን ከገበያው ጋር ተፎካካሪውም መጣ። የዱንጉዛን መልክ በማተሚያ ያተሙ፥ ከውጭ አገር በፋብሪካ የተሠሩ ጨርቆች በመርካቶ ይሸጣሉ። እነዚህ ጨርቆች መልኩን ከፊት በኩል ብቻ ይይዛሉ፤ ጀርባቸውን ገልብጦ ያየ ሰው ቀለሙ ላይ ላዩን የተቀባ መሆኑን ያውቃል። በእጅ የተሸመነው ግን ቀለሙ በክሩ ውስጥ ስለ ሆነ በሁለቱም ወገን ይታያል። ዋጋው ግን ስለሚለያይ ብዙ ገዢ የሚመርጠው የታተመውን ነው። ሸማኔው ሦስት መወርወሪያ እየለዋወጠ ቀናት የሚፈጅበት ሥራ፥ በማተሚያ ጥቂት ጊዜ ብቻ ይወስዳል።

በ2011 ዓ.ም. የሆነው

ልብሱ በዚህ ዓይነት በተወደደበት ዘመን ለባለቤቶቹ ከባድ ቀን መጣ። በ2011 ዓ.ም. በመስከረም ወር መጀመሪያ ከኮልፌ ጋር በሚዋሰነው በቡራዩና በአካባቢው በተነሣው ሁከት ብዙ ሰዎች ተገደሉ፤ ከሞቱትና ቤታቸውን ጥለው ከሸሹት ብዙዎቹ የጋሞና የዶርዜ ተወላጆች ነበሩ። የተረፉት በአዲስ አበባ በትምህርት ቤቶች ተጠለሉ። ቤት ሲፈርስ ጣራው ብቻ አይፈርስም፤ የሸማ ዕቃው፥ የተዘጋጀው ድርና ለመስቀል ጉዞ የተጠራቀመው ገንዘብ አብሮ ይጠፋል። ነገሩ የሆነውም መስቀል ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነበር።

ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ የተቈጡ ወጣቶች ለበቀል ተነሡ። የጋሞ ሽማግሎች ግን እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በወጣቶቹ ፊት ተንበረከኩ። በጋሞ ወግ ሽማግሌ ሣር ይዞ የተንበረከከበትን ቦታ ረግጦ ማለፍ ነውር ነው። ወጣቶቹ ቆሙ፤ በዚያች ከተማ በሌላው ሕዝብ ላይ ሊደርስ ይችል የነበረው ጥፋትም ቀረ። ይህ ድርጊት በመላው ኢትዮጵያ ተሰማ፥ ተመሰገነም።

ከላይ እንደ ተገለጸው በጋሞ ሥርዓት ክብር ለሕዝብ ከሚደረግ ነገር ይገኝ ነበር። በጥንቱ ዘመን ሀላቃው ሀብቱን አፍስሶ ድግሱን ይደግስ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. ሽማግሎቹ ቍጣቸውንና ሐዘናቸውን ውጠው ተንበረከኩ። ሦስቱ ቀለሞች በአገራቸው ይመሰክሩ የነበሩት ለእንዲህ ያለ ሰው ነው። ልብሱን ለድምቀቱ ብቻ የገዛ ሰው ይህን ቢያውቅ የለበሰውን ጨርቅ አሳንሶ አያየውም።

መደምደሚያ

ከተባለው ሁሉ እንደሚታየው ዱንጉዛ ሦስት ዘመን አልፏል። በመጀመሪያ ቀለሙ ለባሹ ለአገሩ የዋለው ውለታ ምስክር ነበረ። ቀጥሎ በከተማና በመድረክ የአንድ ሕዝብ ስም ሆነ። አሁን ደግሞ ዋጋውን የሚከፍል ሁሉ የሚለብሰው ጌጥ ነው። ይህን ለውጥ እንደ ጥፋት ብቻ መቍጠር አይገባም፤ ገበያ ያጣ ሽመና ይሞታልና። በመግቢያው ላይ የተነሣው ጥያቄ ግን ገና ሙሉ መልስ አላገኘም። ጨርቁ ከንቀት ወጥቷል፤ ሠሪው ግን በዋጋውም፥ በመኖሪያውም፥ በስሙም ገና በሙሉ አልወጣም።

ለጥናት የሚቀረውም ሥራ ብዙ ነው። በሙዚየሞቻችን ያሉት አልባሳት በአብዛኛው የለባሹ ወገን ስም እንጂ የሸማኔው ስም የላቸውም። ከእንግዲህ አንድ ዱንጉዛ በሚሰበሰብበት ጊዜ ማን እንደ ሸመነው፥ ክሩን ማን እንደ ፈተለው፥ ቅርጹ በአገሩ ምን እንደሚባል፥ ለምን በዓል እንደ ተሠራ አብሮ ቢጻፍ መልካም ይሆናል። ለዚህም ከአዲስ አበባ ተማሪዎች መካከል ፈቃደኛ የሆነ ሰው እስከ ጨንቻ መድረስ አያስፈልገውም። ጥናቱን በኮልፌ ሊጀምር ይችላል፤ በደጋው ያደጉ ዐዋቂዎች ዛሬም እዚያ በጉድጓዳቸው አጠገብ ይገኛሉ፥ መጠየቅም ያለባቸው በሕይወት ሳሉ ነው።